ድሬ ላይ ለሃያ ሰው አልጋ ፍለጋ

የቴሌግራም ጓደኞቼ በአካል እንገናኝ ብለን ቀን ስንቆርጥ፣ መጀመሪያ የተስማማነው ከታኅሣሥ 19 እንድንርቅ ነው። በቁልቢ ገብርኤል ሰሞን ድሬዳዋም ሐረርም አልጋ ማግኘት ጭንቅ ነው፤ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። ሐምሌ 19ም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ጥምቀት ካለፈ በኋላ አደረግነው። ከጅግጅጋም፣ ከሐረርም፣ ከአዲስ አበባም የሚመጣ ስላለ ድሬ ተመረጠች። አልጋ የመፈለጉ ሥራ ደግሞ ለእኔ ተሰጠኝና ቀደም ብዬ ወረድኩ።

በሌሊት የተነሳው አውቶቡስ አመሻሽ ላይ አደረሰን። የደንገጎን ቁልቁለት ስንወርድ ጃኬቴን አወለቅኩ፤ ከዚያ በኋላ አልለበስኩትም።

የመጀመሪያውን ሌሊት ያደርኩበትን ቤት ስሙን አልጠራም። በስልክ 700 ብር ያሉኝን በር ላይ ስደርስ 950 አደረጉት። «ያ የድሮው ዋጋ ነው» አሉኝ። የደወልኩት በዚያው ሳምንት ነበር። በጣም ተናደድኩ፤ ግን መሽቷል፣ ደክሞኛል፣ ከፈልኩ። ከሻወሩ ጠብ የሚል ውሃ የለም። ባልዲ ስጠይቅ «ጠዋት ይመጣል» አሉኝ። ምድር ቤት ያለው ግሮሰሪ ሙዚቃውን እስከ ስምንት ሰዓት አላቆመም። ከጅግጅጋ ልጇን ይዛ የምትመጣ ጓደኛ አለችን። እሷን እዚህ ባሳድራት ምን እላት ነበር እያልኩ ነጋ።

ጠዋት ፉል በልቼ ባጃጅ በኮንትራት ያዝኩ። ሾፌሩ ገና ወጣት ነው። የምፈልገውን ስነግረው ዞር ብሎ አየኝ። «አቦ እህቴ፣ ሃያ ሰው ከሆናችሁ ክፍሉን ተዪው፣ ግቢውን እዪ! ማታ ማን ክፍል ውስጥ ይቀመጣል?» አለኝ። ደግሞ አንድ ሆቴል በር ላይ ስንቆም፣ «እዚህ ኮሚሽን ይሰጡኛል፤ ስለዚህ ዋጋውን አንቺው ተከራከሪ» ብሎ አስጠነቀቀኝ። እንዲህ የሚል ሾፌር አዲስ አበባ ገጥሞኝ አያውቅም።

ሳቢያን አካባቢ አዳዲስ ሕንፃዎች አሉ። ክፍሎቹ ያብረቀርቃሉ፣ ኤሲ አላቸው። 1000 ብር አሉኝ፤ ግን ፕላስ ፕላስ ነው። 10 በመቶ ሰርቪስ፣ በላዩ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲጨመር 1265 ይገባል። ለሃያ ሰው ሲባዛ ትልቅ ገንዘብ ነው። በጥር ደግሞ የድሬ ሌሊት ቀዝቀዝ ይላል፤ ቬንትሌተር ይበቃል። ለኤሲ የምንከፍልበት ምክንያት አልታየኝም። ግቢያቸውም የመኪና ማቆሚያ ብቻ ነው።

መጋላ ሰፈር ርካሽ ነው፤ ቀፊራ ገበያም ቅርብ ነው። ነገር ግን ከንጋት ጀምሮ ጫጫታ ነው፣ ክፍሎቹም የተፋፈጉ ናቸው። አንዱ ደህና ቤት ደቻቱ ጠርዝ ላይ ነበር። ወንዙ አሁን ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ላይ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው የወሰደውም ይኸው ወንዝ ነው። በጥር ጎርፍ እንደማይመጣ አውቃለሁ። ቢሆንም ልቤ እሺ አላለኝም።

በመጨረሻ ከዚራ ገባን። ባቡር በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረው ሰፈር ነው፤ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዛፉ ጥላ የሆነ፣ ማታ በእግር የሚኬድበት። እዚያ አንድ አሮጌ ፔንሲዮን አገኘሁ። ግቢው ሰፊ ነው፣ መሀሉ ላይ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ። ባለቤቷ ራሳቸው ወጥተው አስተናገዱኝ። ቧንቧውን ክፈቺው አሉኝ፤ ከፈትኩ፣ መጣ። ባይመጣስ ስላቸው ከበሩ ጀርባ ያለውን ሰማያዊ በርሜል ክዳኑን አንስተው አሳዩኝ። እስከ አፉ ሙሉ ነው፣ ጆጉ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ከዚያ አጎበሩን አውርደው በሁለት እጃቸው ወደ መስኮቱ ዘረጉት። ቀዳዳ እንደሌለው በብርሃን እንዳየው ነው። «ልጄ፣ እዚህ አገር ከሙቀቱ ትንኟ ትብሳለች» አሉ።

ዋጋው ሁሉን ጨምሮ 600 ብር። አንድ ነገር ግን ቀድመው ነገሩኝ፤ ሁለት ወንድ በአንድ አልጋ አያስተኙም። ይህን ብዙ ቤት ይከለክላል፤ በቡድን የሚሄድ ሰው ሳይጠይቅ ቀብድ እንዳይከፍል። ባለ ሁለት አልጋ ክፍሎች ስለነበሯቸው ለወንዶቹ እነሱን ያዝን። ቀብዱን በቴሌብር ላክሁ፤ ዋጋውንና የክፍሎቹን ቁጥር በወረቀት ጽፈው ፈረሙልኝ።

የባጃጁ ልጅ ያንን ሁሉ ሲያዞረኝ ውሎ ጠዋት ከተስማማንበት 300 ብር ሌላ አልጨመረብኝም።

ጓደኞቼ በማግስቱ ተንጠባጥበው ደረሱ። ለዓመታት በጽሑፍ ያወራን ሰዎች ፊት ለፊት ስንቀመጥ መጀመሪያ ተፋፈርን። ስማችንን ትተን በቴሌግራም ስማችን ነበር የምንጠራራው። ከዚያ ወንበሮቹ ኒሙ ሥር ተሰበሰቡ፣ ሳምቡሳና ሙሸበክ መጣ፣ ሻይ ተቀዳ። ትንሹ ልጅ ግቢውን ሲዞር አመሸ፤ እናቱ አንዴም አልተነሳችም። የባጃጁ ልጅ እውነቱን ነው። እስከ ሌሊት ስድስት ሰዓት ክፍሉን ያስታወሰ የለም።

ሚኒባስ ተኮናትረን ሐረርም ደርሰን ተመልሰናል። ብዙዎቹ ለሚቀጥለው ዓመት እሷን መርጠዋል። ጀጎል ውስጥ እንግዳ የሚያሳድሩ የሐረሪ ቤቶች ስላሉ ሁላችንም እዚያ ማደር እንፈልጋለን። መታጠቢያው የጋራ የሆነበት ቤት ስለሚኖር፣ ውሃውንና ግቢውን ሳላይ ቀብድ አልልክም።