የአባቴ ናስትሮ

ዛሬም እስኪመሽ ከቮልሷ ጋር ነበርኩ። በፈረንጆቹ 1968 የተሠራች ናት፤ ከአባቴ የቀረችኝ። የግራ ፓውዛዋ ከቀኙ ደብዘዝ ይላል። አምፖል ቀየርኩ፣ ያው ነው። ፊውዙም ደህና ነው።

አምፖሉን ነቅዬ በቴስተር ስለካ 12.3 ቮልት አሳየኝ። ሰክቼ፣ መብራቱ በርቶ ስለካ ግን 10.4። ወደ 2 ቮልት የሚጠጋው መንገድ ላይ ቀርቷል።

ሽቦውን በእጄ እየዳሰስኩ ተከተልኩት። ከፊት ኮፈኑ ሥር የአባቴን ናስትሮ፣ ሽቦ የሚጠቀለልበትን ፕላስተር፣ አገኘሁ። ሙጫው ሟሙቶ ጣት ላይ ይለጠፋል። ውስጡ ሁለት ሽቦ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኗል፤ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። ባሕር ዳር ነው፤ ክረምት ከበጋ የጣና እርጥበት አለ። ናስትሮ ደግሞ አንዴ የገባበትን እርጥበት አይለቅም። አባቴ ይህን ሲጠቀልል የእጅ ባትሪ ይዤ ያበራሁለት እኔ ነበርኩ።

አምና ሌላ ቦታ ላይ በሊድ በይጄ ነበር። ሊዱ ሽቦው ውስጥ ሰርጎ ድርቅ አደረገው። የኮብልስቶኑ ንዝረት ልክ ሊዱ ያበቃበት ቦታ ላይ ቆረጠው።

ዘንድሮ ተርሚናል፣ ማለትም ሽቦ ጫፍ ላይ የሚታሰር የብረት ማያያዣ፣ መጭመቅ ተማርኩ። ተርሚናሉ ሁለት ጥንድ ክንፍ አለው፦ የፊተኛው መዳቡን ያቅፋል፣ የኋለኛው ላስቲኩን። አንዱን ጨምቄ ውስጡን ለማየት መሃሉን በመጋዝ ቆረጥኩት፣ በሞረድ አለሰለስኩት። በአጉሊ መነጽር አየሁት። ክብ የነበሩት ቀጫጭን የመዳብ ክሮች ተጨፍልቀው እንደ ማር እንጀራ ማዕዘን አውጥተዋል። መሃላቸው ክፍተት የለም። አየርና እርጥበት በምን በኩል ይግባ? ደስ ብሎኝ ለባለቤቴም አሳየኋት።

ልኩ ግን አይታለፍም። ሰማያዊ ላስቲክ የለበሰው ሌላው ዓይነት ተርሚናል ከ1.5 እስከ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ነው የሚይዘው። እኔ ባለ 1 ካሬ ሽቦ ከትቼበት ኖሯል። ሰፈራችን ያሉ አንድ ኤሌትሪሻን አይተው፣ «ጎትተው እስቲ ልጄ» አሉኝ። ስጎትተው ሹልክ። «እዚህ ይውለቅ። ጢስ ዓባይ መንገድ ላይ፣ በጨለማ ከሚወልቅብህ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሳልጎትት የማልፈው የለም።

ማታ ላይ የፓውዛውን መስመር ጨረስኩ፤ ከመኪናዋ አካል ጋር ለሚገናኘው ቡናማ የቦዲ ሽቦም አዲስ ተርሚናል አሰርኩለት። አብርቼ ለካሁ፦ 12 ቮልት። ግድግዳው ላይ ሁለቱም ፓውዛዎች እኩል ነጭ ሆኑ።

ነገ የኋላ ፍሬቻው ተራ ነው። እዚያም የአባቴ ናስትሮ አለ።