«ለዶሮ ይሁን» እያልን የምንሰጠው ሻጋታ

በየቤቱ ሚደረግ ነገር ነው። በቆሎው ሲለቀም የጠቆረው፣ የነቀዘው፣ አረንጓዴ ብናኝ የያዘው ለብቻ ይወጣና «ይሄ ለዶሮ ይሁን» ይባላል። እርባታ ያላቸው ሰዎችም ጋር ያው ነው፣ ዝናብ የነካው ፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ ሚቀረው የቅባት እህል ተረፈ ምርት) ረከስ ብሎ ከተገኘ ይገዛል፣ ዶሮ ምን አለባት ይባላል። እኔ ደሞ ቢሾፍቱ አካባቢ ዶሮ እያከምኩ ስለምውል መዘዙን በየጊዜው አየዋለሁ፣ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የሞተች ዶሮ ስከፍት መጀመሪያ ማየው ጉበቷን ነው። የጤነኛ ዶሮ ጉበት ደማቅ ቡናማ ቀይ ነው፣ ጠርዙ ስል ነው፣ በጣት ጫን ብትሉት ቶሎ አይበጠስም። የሻገተ መኖ ስትበላ የቆየችው ግን ጉበቷ ያብጣል፣ ይገረጣል፣ ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ ቅባት ስለሞላው ጫን ሲሉት እንደ አይብ ፍርክስ ይላል፣ አንዳንዴም ላዩ ላይ ነጠብጣብ ደም አለ። በነገራችን ላይ ጉበት ቢጫ ስለሆነ ብቻ የሻጋታ መርዝ ነው አይባልም፣ ከልክ በላይ የወፈረች እንቁላል ጣይም እንዲሁ ልትሆን ትችላለች፣ ለዛ ነው መኖውን ሳላይ አፌን ሞልቼ ማልናገረው።

መርዙ አፍላቶክሲን ይባላል። አስፐርጊለስ ሚባለው ሻጋታ ነው ሚያመርተው፣ ሙቀትና እርጥበት ካገኘ በቆሎ ላይም ለውዝ ላይም ፋጉሎ ላይም ይበቅላል። ዓለም ያወቀው ራሱ በፋጉሎ ምክንያት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ አገር በጥቂት ወራት ውስጥ ተርኪ ሚባሉት ዶሮ መሰል ትልልቅ ወፎች ከ100,000 በላይ አለቁ፣ በሽታው ምን እንደሆነ ስላልታወቀ «ኤክስ» አሉት፣ ኋላ ሲጣራ ከብራዚል የመጣ የለውዝ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። እኛም ጋር በአዲስ አበባ ዙሪያ የወተት ላሞች መኖና ወተት ላይ ተሰርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ከፍተኛውን ብክለት ያገኘው ኑግ ፋጉሎ ላይ ነው። ያንኑ የኑግ ፋጉሎ ዶሮ መኖ ውስጥም እየቀላቀልን ነው እኮ!

ከሁሉ ሚያናድደኝ ግን መርዙ ቶሎ አለመግደሉ ነው። መጠኑ ብዙ ከሆነ በርግጥ ያረግፋል፣ ጫጩቶች ላይ በተለይ። ብዙ ጊዜ ሚሆነው ግን ሌላ ነው፣ ዶሮዎቹ ይበላሉ ግን ኪሎ አይጨምሩም፣ እንቁላሉ ቀስ እያለ ይቀንሳል፣ ያነሰ እንቁላል ይመጣል፣ ለማስፈልፈል የሚቀመጠውም እንደ ድሮው አይፈለፈልም፣ ሲያዙ ቶሎ ይበልዛሉ ምክንያቱም ጉበት ሲጎዳ ደም በደንብ አይረጋም። ባለቤቱ ደሞ ይሄን ሁሉ ለየብቻ ነው ሚያየው፣ አንዴ ዝርያው ነው ይላል፣ አንዴ ብርዱ ነው ይላል።

ከዛ ፈንግል ወይ ጉምቦሮ ሚባለው የዶሮ በሽታ ይገባል። «ዶክተር፣ እኔ እኮ በሰዓቱ አስከትቤያለሁ፣ ውሃ ነው እንዴ የሸጡልኝ?» ሚሉኝ ብዙ ናቸው፣ ሐዘናቸው ይገባኛል፣ ብር ተበድረው የገቡበት ሥራ ነው። ክትባቱ በሙቀት ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፣ ያም ያጋጥማል። ግን አፍላቶክሲን የዶሮዋን የመከላከል አቅም ነው ሚመታው፣ መከላከያ ሴሎች ሚያድጉባቸው አካላት ይኮማተራሉ፣ ስለዚህ ጥሩ ክትባት በሰዓቱ ቢሰጣትም ሰውነቷ በቂ መከላከያ አይሰራበትም። ክትባቱን ከመራገም በፊት ጆንያውን ፍቱና እዩ ምለው ለዚህ ነው።

ሌሎችም የሻጋታ መርዞች አሉ፣ ኦክራቶክሲን ኩላሊት ይጎዳል፣ ኩሳቸው ውሃ ይበዛበታል፣ ቲ-2 ሚባለው ደሞ አፋቸው ውስጥ ቁስል ያወጣል፣ ዶሮዋ እየራባት መብላት ያቅታታል።

አሁን ሰው ሚያደርገውን ልንገራችሁ። ፀሐይ ላይ አስጥቶ፣ አራግፎ፣ ካልሆነም ቆልቶ ይሰጣል። አረንጓዴው ብናኝ ይረግፋል፣ ሽታውም ይቀንሳል፣ መርዙ ግን አብዛኛው እዛው ነው፣ አፍላቶክሲን በቤት ሙቀት በቀላሉ ሚጠፋ ነገር አይደለም። ከጥሩ እህል ጋር መቀላቀልም ጥሩውን ማበላሸት ነው። መርዙን እንዲይዝ መኖ ውስጥ ሚጨመረው ቶክሲን ባይንደር ሚባለውስ ካላችሁኝ፣ ቤንቶናይት ያለበት ሸክላ ነገር አፍላቶክሲንን በደንብ ይይዛል፣ ቲ-2 ላይ ግን ብዙም አይረዳም፣ እና የሻገተ መኖ መግዣ ፈቃድ አድርጋችሁ አትዩት።

በቆሎ ስትገዙ የጨው ዘዴን ሞክሩ፣ ወጪ የለውም። ደረቅ የብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ በቆሎና ደረቅ ጨው ጨምራችሁ በደንብ ነቅንቁና ሩብ ሰዓት ያህል አስቀምጡት፣ ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15% በላይ ነው፣ አትግዙ። ካልተጣበቀም ለረጅም ጊዜ ምታስቀምጡት ከሆነ 13% አካባቢ እስኪደርስ ማድረቅ ይሻላል። ጆንያውን ሲሚንቶ ላይ አታሳርፉት፣ ከስር እንጨት አድርጉ፣ ከግድግዳም ራቅ ይበል፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደሞ ብዙ መኖ አትከምሩ። መመገቢያው ጥግ ላይ እርጥብ ሆኖ ሚጋገረውን ፍቃችሁ ጣሉት። ለቅሞ የወጣውን የሻገተ እህል ለላምም አትስጡ፣ መርዙ በወተት ይወጣል፣ ቅበሩት። ኬንያ ውስጥ በ2004 እ.ኤ.አ. የተበከለ በቆሎ በልተው 125 ሰዎች ሞተዋል፣ ነገሩ የዶሮ ብቻ አይደለም።

ሐኪም ጋር የሞተች ዶሮ ስታመጡ መኖም አብራችሁ አምጡ። ከአንድ ጆንያ አፍ ላይ የተዘገነ አይደለም ምለው፣ መርዙ አንድ ቦታ ተከማችቶ ሌላው ጋ ላይኖር ስለሚችል ከብዙ ጆንያ፣ ከላይም ከመሀልም ከስርም ወስዳችሁ ደባልቁት። በፌስታል ደሞ አትቋጥሩት፣ ያልብና መንገድ ላይ ተጨማሪ ይሻግታል፣ ወረቀት ከረጢት ይሻላል።