የእህል ባሌስትራ ላይ እንቁላል መጫን

ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ካለው የዶሮ እርባታዬ እስከ አስፋልቱ ድረስ 14 ኪሎ ሜትር የጠጠር መንገድ አለ። ክረምቱ አልፎ መኪና ሲበዛበት መንገዱ እንደ ቆርቆሮ ይሸበሸባል። በሳምንት ሁለት ቀን 50 ትሪ እንቁላል ጭኜ በዚያ እወጣለሁ። 1,500 እንቁላል ከነትሪው አንድ ኩንታል ቢሞላ ነው። መኪናዬ ደግሞ በፈረንጆች 1994 የተሠራ፣ ባለ 2.8 ናፍጣ ሃይሉክስ ፒክአፕ ነው፤ ወደ አሥር ኩንታል እንዲሸከም የተሠራ። የቀድሞው ባለቤት እህል ያመላልስበት ስለነበር የኋላ ባሌስትራው ላይ፣ ማለት መኪናውን ተሸክሞ በሚለጠጠው የብረት ንብርብር ላይ፣ በየጎኑ ሁለት ሁለት ብረት አስጨምሮበታል። ስቆጥረው በየጎኑ ስምንት ብረት ሆነ።

አስፋልት ስደርስ ትሪዎቹን ከፍቼ የተሰነጠቀውን እለቅማለሁ። ስልሳ፣ ሰባ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ከእንቁላሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን ኩርባዎቹ ነበሩ። የተሸበሸበው መንገድ ላይ መሪውን ስጠመዝዝ የመኪናው ኋላ እየነጠረ ወደ ጎን ይሸሻል። ጎማው መሬት ከሚነካበት ጊዜ የማይነካበት ይበዛል። አየር ላይ ያለ ጎማ አይነዳም፣ አያቆምም፣ አይታጠፍም።

መጀመሪያ ያሰብኩት ባሌስትራውን ጨርሶ አውጥቼ ሞላ በሚባለው ጥምዝ ስፕሪንግ መቀየር ነበር። ለሰላሳ ዓመት መኪና ሲያነሳና ሲጥል የኖረ መካኒክ ጋ ሄጄ ሐሳቤን ነገርኩት።

«ባሌስትራው ሸክም ብቻ መሰለህ የሚይዘው?» አለኝ። «ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያገናኘውን አክስል ከመኪናው አጽም፣ ከሻንሲው ጋር አስሮ የያዘውም እሱ ነው። እሱን ካወጣህ አክስሉን ከፊትና ከኋላ የሚይዙ አራት ክንዶች፣ ወደ ጎን እንዳይሄድ ደግሞ አንድ አግድም ዘንግ ትፈልጋለህ። ያን ሁሉ ሻንሲ ላይ በይዶ ከነልጆችህ መንገድ ላይ የሚለቅህ ሌላ ሰው ፈልግ፣ የኔ ልጅ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል ጋሼ?»

«ያለህን ባሌስትራ ለምትጭነው ጭነት እንዲሆን አድርገን እንሥራው።»

ያኔ ትንሽ ቅር ቢለኝም ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ። ምንም ሳንፈታ ከጎማው መሃል ከላዩ እስካለው ፓራፋንጎ ጠርዝ ድረስ ያለውን ከፍታ በአራቱም ማዕዘን ለክቼ ጻፍኩ። ይህን ሳያደርግ ብሎን የሚፈታ ሰው በኋላ ምን እንደተቀየረ ማወቂያ የለውም። ብሎኖቹ ዝገት በልቷቸው ስለነበር ከዋዜማው ጀምረን ዘይት አጠጣናቸው። አክስሉን የያዙትን የዩ ቅርጽ ብሎኖች ግን ቆርጠን ጣልናቸው፤ አንዴ ተጠብቀው የተሳቡ ስለሆኑ መልሶ ማሰር አያዋጣም። የባሌስትራው የመሃል ብሎን ከመፈታቱ በፊት ንብርብሩ በማሰሪያ መያዝ አለበት። ረዳቱ ልጅ ሳይዘው ሊፈታ ሲል ጋሼ የጮኸበት ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። የተወጠረ ብረት ነው፣ ሲለቀቅ እጅ ይሰብራል።

የተጨመሩትን ሁለቱንም፣ ከሥር ያለውን ወፍራም ደጋፊ ብረትም አወጣን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ስፋትና ርዝመቱ እኩል ከሆነ፣ ውፍረቱ እጥፍ የሆነ ብረት ግትርነቱ ስምንት እጥፍ ነው። ስለዚህ አንድ ወፍራም ብረት ማውጣት ሁለት ሦስት ቀጭን ከማውጣት ይበልጥ ያለሰልሳል። ዋናው ብረት ብቻውን እንዳይደክም ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ያገኘሁትን ረጅምና ቀጭን ብረት ከሥሩ ደረብንለት።

ጊዜ የወሰደብን ጽዳቱ ነው። ብረቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ዝገዋል። በእንዲህ ያለ ባሌስትራ ላይ ትንሿ ጉብታ ፍትጊያውን አሸንፋ ብረቶቹን ማንሸራተት ስለማትችል መኪናው ባሌስትራ እንደሌለው ሁሉ በጎማው ብቻ ይነጥራል። እያንዳንዱን በሽቦ ብሩሽ ፈተግን፣ የላይኛውን ብረት እንዳይቦረብር ጫፉን ሞረድን፣ በየጫፉ መሃል ከወፍራም ፕላስቲክ የተቆረጠ ቁራጭ አስገባን። ሲገጠም በእጄ ተጭኜ ሞከርኩት። ሲንሸራተት ይሰማኛል! ያቺን ደቂቃ አልረሳትም።

ንጥረቱን የሚያረግበውን ሾክ አብዞርበርም ቀየርን። የዛገው ፍትጊያ ሳያስቡት እንደ ሾክ ሆኖ ያገለግል ነበርና እሱ ሲሄድ ሥራው ሁሉ በእውነተኛው ሾክ ላይ ይወድቃል። በባሌስትራው ጫፎች ያሉትን የጎማ ቡሾች ብሎን ያጠበቅነው መኪናው በጎማው መሬት ላይ ቆሞ ነው። ክሪክ ላይ ተንጠልጥሎ ከተጠበቀ የቡሹ ጎማ ተጠምዝዞ ይቀራል፣ ቶሎም ይቀደዳል።

ኋላው 3.5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አለ። የመጀመሪያ ቀን ጉዞዬ እንደ ሠርግ ነበር። ያው መንገድ፣ ያው ፍጥነት፣ መሪው ግን በእጄ ጸጥ አለ።

በሳምንቱ ዝናብ ጣለና ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስነካ የኋላ ጎማዎቹ ከፊቶቹ ቀድመው ተቆለፉና መኪናው ጎኑን ሰጠ። ፍሬኑን ለቅቄ በማርሽ ባልይዘው ኖሮ ቦይ ውስጥ ነበርኩ። ችግሩ ከአክስሉ ወደ ሻንሲው የምትሄድ ቀጭን ዘንግ ናት። ኋላው በጭነት ዝቅ ሲል ዘንጓ ቫልቭ ትገፋለች፣ ቫልቩም ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ይለቃል። እኛ መኪናውን ስናወርደው ባዶው መኪና ለቫልቩ የተጫነ መሰለው። ዘንጓን ስንፈታና ስንገጥም ማናችንም ይህን አላሰብንም። የግፊት መለኪያ ያለው ጋራዥ ወስደን የዘንጓን ርዝመት አስተካከልናት። የባሌስትራ ከፍታ የሚቀይር ሰው ከጋራዥ ሳይወጣ ይህችን ዘንግ ይፈልጋት፤ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚወስድ ካለ ይህን ይውሰድ። የፊት መብራቱም ቀና ብሎ የሰው ዓይን ይወጋ ስለነበር ዝቅ አደረግነው።

ሌላው ችግር ዳገት ላይ መጣ። ልል ጠጠር ላይ በአንደኛ ማርሽ ስነሳ ኋላው «ድው ድው ድው» እያለ ይዘላል። ጎማው መሬቱን ሲገፋ አክስሉ አፍንጫውን ወደ ላይ ያዞራል፣ የለሰለሰው ባሌስትራም እንደ እባብ ይጣመማል፣ ጎማው ሲያንሸራትት ደግሞ ተስፈንጥሮ ይመለሳል። ጋሼ ሁለት ቀን አሰበበትና ካወጣናቸው ብረቶች አንዱን አነሳ። ከመሃል ብሎኑ ትንሽ ወደ ኋላ አሳልፎ፣ ሁለቱም የዩ ብሎኖች እንዲይዙት አድርጎ ቆረጠውና የፊቱን ግማሽ ብቻ መልሶ ገጠመ፤ ጫፉን ከዋናው ብረት ጋር በማሰሪያ አሠረው። የአክስሉን መዞር በይበልጥ የሚታገለው የባሌስትራው የፊት ግማሽ ስለሆነ እሱ ብቻ ጠነከረ፣ የኋላው ግማሽ ግን እንደለሰለሰ ቀረ። የተቆረጠው በግራይንደር ነው፣ ውኃ እየፈሰሰበት። በጋዝ ከተቆረጠ ሙቀቱ የብረቱን ጥንካሬ ይገድለዋል። የባሌስትራ ብረት ላይ ብየዳም እንዲሁ አይሞከርም።

ዝላዩ ቆመ። ቀድሞ አራቱንም ጎማ የሚያስነዳውን ከባድ ማርሽ አስገብቼ የምወጣውን ዳገት አሁን በኋላ ሁለቱ ጎማ ብቻ እወጣዋለሁ።

ያጣሁትም አለ። ከአራት ኩንታል በላይ ስጭን ኋላው ሻንሲው ሥር ባለው መመከቻ ላስቲክ ላይ ይቀመጣል፤ ስለዚህ የዶሮ መኖ በአይሱዙ ነው የሚመጣልኝ፣ የኪራዩም ወጪ አለ። ጭነት የሚያመላልስ ሰው እኔ ያደረግሁትን ማድረግ የለበትም። ደግሞም ብረት ከመንካቴ በፊት የኋላውን ጎማ ንፋስ ለባዶ መኪና በሚሆን ልክ ማስተካከል ነበረብኝ። ከ40 ወደ 30 ፒ.ኤስ.አይ. ያወረድኩት መጨረሻ ላይ ነው፤ ያ ብቻውን ያመጣው ለውጥ ትንሽ አይደለም፣ ገንዘብም አይጠይቅም።

ባለፈው ማክሰኞ አስፋልቱ ዳር ቆሜ ትሪዎቹን ከፈትኩ። የተሰነጠቁት ሰባት ናቸው።