ሰው የሚጎትት ጀልባ፣ ጀልባ የሚጎትት መኪና

ውሃ ላይ የሚንሸራተት ሰው የሚጎትት ያገለገለ ጀልባ ከጓደኞቼ ጋር ስገዛ ሁሉም የጠየቀኝ ስለ ሞተሩ ነበር። በቨርጂኒያ ከአሌክሳንድሪያ ከተማ እስከ ሌክ አና ሐይቅ እየጎተትኩ ስመላለስ የተረዳሁት ግን የምንከባከበው ሦስት ነገር መሆኑን ነው፤ ጀልባውን፣ ተሳቢውንና መኪናውን። ሦስቱም ሲታመሙ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚያሳብቅባቸው ሙቀት ነው። (ሐይቁም ቢሆን በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተገደበው የኖርዝ አናን የኑክሌር ኃይል ማመንጫ እንዲያቀዘቅዝ ነው።)

ብዙ ሰው የሚረሳው ተሳቢውን ነውና ከእሱ ልጀምር። በኢንተርስቴት 95 አውራ ጎዳና ስጓዝ ነዳጅ ማደያ በቆምኩ ቁጥር ሳይነኩ በሚለካ ቴርሞሜትር የጎማዎቹን መሃል እለካለሁ። ቁጥሩ ራሱ ብዙም አያሳስበኝም፤ የማየው የግራና የቀኙን ልዩነት ነው። አንድ ቀን የቀኙ ከግራው እጅግ ሞቆ አገኘሁት። ኩሽኔታ (ጎማው ያለ ችግር እንዲዞር የሚያደርገው ብይ) ነው ወይስ ፍሬን? ተሳቢውን በክሪክ አንሥቼ ጎማውን በእጄ አዞርኩት። ያለቀ ኩሽኔታ እንደ ወፍጮ ያጉረመርማል፤ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ሲያወዛውዙትም ይላወሳል። የእኔው ድምፅ አልነበረውም፤ የሚዞረው ግን በግድ ነበር። ፍሬኑ ይዞታል ማለት ነው። ስፈታው የፍሬኑ መያዣ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ዝገው ተጣብቀዋል። አጽድቼ፣ ሙቀት የሚችል ግራሶ ቀብቼ መለስኳቸው።

ሁለተኛው ችግር የበለጠ አስቸግሮኛል። ጀልባውን ዳገት ላይ ወደ ኋላ ስገፋ የተሳቢው ጎማዎች ድርቅ ይሉ ነበር። የዚህ ዓይነት ተሳቢ ፍሬን የሚሠራው በግፊት ነው፤ መኪናው ፍጥነቱን ሲቀንስ ተሳቢው ወደፊት ይገፋና ከመኪናው ጋር በሚያያዝበት መገጣጠሚያ ውስጥ ያለው ፒስተን የፍሬን ዘይት ወደ ጎማዎቹ ይልካል። ወደ ኋላ ሲነዱም ያው ፒስተን ስለሚጫን፣ ከመኪናው የኋላ ማርሽ መብራት ኃይል የሚወስድ አምስተኛ ሽቦ አንድ ቫልቭ አንቀሳቅሶ የዘይቱን መንገድ መዝጋት አለበት። ጓደኛዬ ፍሬን ረግጦ የኋላ ማርሽ ሲያስገባ ቫልቩ ቀጭ ማለት ነበረበት፤ አላለም። በመፈተሻ አምፖል ስነካው ሽቦው ኃይል አለው። ኃይል እያለ ካልሠራ ቀጥሎ የሚጠረጠረው ማሳው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መስመር ነው። ፍሬቻውና የፍሬኑ መብራት አንድ ላይ ሲበሩ መደብዘዛቸውም ይህንኑ ይመሰክር ነበር። ነጩ ሽቦ ከተሳቢው ብረት ጋር የሚታሰርበት ቡሎን በዝገት ተሸፍኗል። ብረቱን ፍቄ፣ የሽቦውን ጫፍ ቀይሬ አሰርኩት፤ ቫልቩም ጮኸ፣ መብራቱም ጠራ። ዛሬ ማንም ስለ ተሳቢ መብራት ቢያማክረኝ አዲስ አምፖል ከመግዛቱ በፊት ማሳውን እንዲያይ እነግረዋለሁ።

ሐይቁ ዳር እንደደረስኩ ተሳቢውን ወዲያው ውሃ ውስጥ አልከትም። ከረጅም መንገድ የመጣ የጎማ መሃል በቀዝቃዛ ውሃ ሲነከር በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውሃ ወደ ኩሽኔታው ይስባል። ግራሶው ወተት መስሎ ከተገኘ ውሃ ገብቷል። አዲስ ግራሶ ከውጭ መጨመር መፍትሔ አይሆንም፤ ፈትቶ፣ አጥቦ፣ የተጎዳ ካለ ከነቀለበቱ መለወጥ ያስፈልጋል። የምጠብቅበትን ጊዜ ዕቃ በመጫንና ቤንዚን የሸተተ እንደሆነ በመፈተሽ አሳልፈዋለሁ። ጀልባው ውሃ ላይ ከሆነ በኋላም ሞተሩን ከማስነሣቴ በፊት የሞተሩን ክፍል አየር ማስወጫ ቢያንስ ለ4 ደቂቃ አሠራለሁ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ከታች ይተኛል፤ በዚህ ጉዳይ የሚቸኩል ሰው ጀልባዬ ላይ ቦታ የለውም።

የጀልባው ሞተር የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ በሚስበው ውሃ ሲሆን መለኪያው ብዙውን ጊዜ 160 ዲግሪ ፋራናይት አካባቢ ይቆማል። በጉዞ ላይ ደህና ሆኖ፣ የወደቀውን ተንሸራታች ለማንሣት ዝግ ስንል መውጣት ከጀመረ የምጠረጥረው በፖምፓው ውስጥ ውሃ የሚገፋውን ባለ ክንፍ ላስቲክ ነው። ክንፎቹ ሲደክሙ ሞተሩ በቀስታ ሲዞር በቂ ውሃ አይገፉም። በየዓመቱ እለውጠዋለሁ፤ ዋጋው ከሞተር ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም። ከአሮጌው ክንፍ የጎደለ ካለ ስባሪው እስኪገኝ ድረስ ቱቦዎቹን መፈተሽ ግድ ነው፤ አለበለዚያ ሌላ ቦታ ሄዶ ውሃውን ይዘጋል። ፖምፓው ደህና ሆኖ ሙቀቱ ከቀጠለ በእኔ ጀልባ ቀጣዩ ተጠርጣሪ የካምቢዮው ዘይት ማቀዝቀዣ ነው፤ የሐይቅ ሣር አፉ ላይ ይከማቻል።

ስለ መኪናው አጭር ነገር ልበል። በሰነዱ ላይ የተጻፈው የጀልባው ክብደት ባዶውን ነው፤ 150 ሊትር ቤንዚን ብቻውን ከ100 ኪሎ ይበልጣል። እንደሚጓዘው አድርጌ ጭኜ በጭነት መኪና ሚዛን መዘንኩት፤ ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶው የመኪናው መንጠቆ ላይ እንዲያርፍም ዕቃውን አደላደልኩ። ከዚያ ወዲህ ተሳቢው ኋላዬ ጭራውን አይቆላም። በመጨናነቅ ሰዓት የካምቢዮውን የዘይት ሙቀት እያየሁ እነዳለሁ፤ ከፍ ካለ ወጥቼ አሳርፈዋለሁ።

ቅዝቃዜው ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ውሃ በረዶ ሲሆን በ9 በመቶ ገደማ ስለሚሰፋ ሞተሩ ውስጥ የቀረ ውሃ ብረቱን ይሰነጥቃል። የማስወጫ ቡሎኖቹን ፈትቼ ውሃው ቢቆምም አላምንም፤ ዝገትና አሸዋ ቀዳዳውን ሊደፍነው ስለሚችል ሽቦ እየሰደድኩ እቆረቁራለሁ፤ ብዙ ጊዜም ቆሟል ከተባለው ቀዳዳ እንደገና ይፈስሳል።