ሰማንያ ሳይፈረም የሚከፈል የቤት ዕዳ

በቦሌ አራብሳም ሆነ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሰማንያ ሳይፈራረሙ ጎጆ የወጡ ጥንዶች አሉ። «ድግሱ ይደርሳል፣ መጀመሪያ የባንኩን ዕዳ እንክፈል» ይባላል። ሐሳቡ ክፋት የለውም። የሚያሳስበኝ ዕዳው የሚከፈልበት መንገድ ነው።

የቀደመው የኢኮኖሚ ትምህርት ቤተሰብን እንደ አንድ ኪስ ይቆጥር ነበር። ኋላ የመጡት ተመራማሪዎች ግን ብሩ በማን እጅ እንደሚገባና ጥንዶቹ ቢለያዩ ማን ምን ይዞ እንደሚወጣ መጠየቅ ጀመሩ። ብሪታንያ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የልጆች ድጎማን ከአባት ደሞዝ አውጥታ ለእናት በእጅ መስጠት ጀመረች። ላንድበርግ፣ ፖላክና ዌልስ በ1997 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት ከለውጡ በኋላ ለሴትና ለልጅ ልብስ የሚወጣው ወጪ ከወንድ ልብስ አንጻር ጨምሮ አገኙት።

የአገራችንም ማስረጃ አለ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ባል ሚስቱን ከቤት ውጭ እንዳትሠራ የሚከለክልበትን ሥልጣን አስቀረ፤ የጋብቻ ዕድሜን 18 አደረገ። ሃልዋርድ ድሪሜየርና ጋጂጎ የተባሉ ተመራማሪዎች ሕጉ ቀድሞ የተተገበረባቸውን አካባቢዎች ከሌሎቹ ጋር ሲያወዳድሩ፣ ሴቶች ከቤት ውጭ፣ በሙሉ ጊዜና የበለጠ ሙያ በሚጠይቅ ሥራ የመሰማራታቸው ዕድል ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

ሰማንያ የተፈራረመች ሚስት በዚህ ሕግ በቂ ከለላ አላት። በአንቀጽ 63 መሠረት ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ በአንቀጽ 68 ደግሞ የጋራ ቤትን አንዱ ብቻውን መሸጥ አይችልም። ሳይጋቡ አብረው ለሚኖሩት መነሻው አንቀጽ 102 ነው፦ አብሮ መኖሩ ከ3 ዓመት ካላነሰ በዚያ ጊዜ የተፈራው ንብረት የጋራ ይሆናል።

ችግሩ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። የኮንዶሚኒየሙ ዕጣ የደረሰው ለወንዱ ነው እንበል፤ ውሉም አብረው ከመግባታቸው በፊት በስሙ ተፈርሟል። እሷ እቁብ ሲወጣላት ብሩን በእጁ ትሰጠዋለች፤ እሱ ቅርንጫፍ ሄዶ ዕዳው ላይ ያስገባል። የአስገቢ ስም የእሱ፣ የውሉ ስም የእሱ። ቤቱ የግሉ ነው ቢባል እንኳ አብረው ሳሉ ለተከፈለው ገንዘብ ጥያቄ ማንሳት ትችላለች፤ በእጇ ግን አንድም ወረቀት የለም። ስለዚህ ድርሻዋን ከራሷ ሒሳብ በቀጥታ ወደ ዕዳው ሒሳብ ታስተላልፍ፤ ምክንያት በሚጻፍበት ቦታ «የቤት ዕዳ» ብላ ወሩን ትጻፍ። እቁቡን የሚይዘው ሰው የሰጣትን ብር ቀንና መጠን ጽፎ ይፈርምላት።

ሁለተኛው ክርክር የሚነሳው 3ቱ ዓመት ከመቼ ይቆጠራል በሚለው ላይ ነው። የሁለቱም ስም ያለበት የኪራይ ውል፣ የእድር መዝገብ፣ የልጅ ልደት ምስክር ወረቀት ቀኑን ይነግራሉ። ከሁሉም የሚሻለው ግን አብረው የገቡበትን ቀንና እያንዳንዱ ይዞት የመጣውን ንብረት ጽፎ በምስክር ፊት መፈራረም ነው። አሳፋሪ ነገር የለውም፤ ፍቅር እያለ የሚጻፍ ወረቀት ጠብ ከመጣ በኋላ ከሚጻፍ ክስ ይሻላል።

ቤቱ ከአዲስ አበባ ወሰን ማዶ፣ ሸገር ከተማ ክልል ውስጥ ከሆነ፣ ኦሮሚያ የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው ከላይ የጠቀስኳቸው አንቀጾች እንዳሉ አይሠሩም። ጠበቃ ጋር ሲሄዱ መጀመሪያ የሚኖሩበትን ወረዳ ይንገሩ።