ለማውንቴን ሳይክሌ የኋላ ዲሬለር ስመርጥ

የኋላ ዲሬለር (ሰንሰለቱን ከማርሽ ወደ ማርሽ የሚያዛውረውን ዕቃ) ልቀይር ነው ስል ሁሉም የሚለኝ አንድ ነው፣ «ዲዮሬ ግዛና ተገላገል»፣ ዲዮሬ የሚሉት ሺማኖ የሚባለው ኩባንያ ሻል ያለውን ዕቃ ነው። እኔ ደሞ የምለው የዕቃው ደረጃ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ጥያቄ ነው፣ ከሱ በፊት ገጥሞ ይሠራል ወይ የሚለው አለ። ባህር ዳር ሜዳ ስለሆነች አብዛኛው ሰው አንድ ማርሽ ላይ ጥሎት ዓመቱን ሙሉ ይነዳል፣ ዲሬለሩ ቢወላገድ ባይወላገድ ጉዳዩም አይደለም። ቤዛዊት ዳገት ለሚወጣ ወይ ከአስፋልት ወርዶ ወደ ገጠሩ ለሚገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ ዳገት መሀል ማርሽ ሲዘል ጉልበት ነው የሚያስወልቀው።

ለማንኛውም ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ጥፋቱ በርግጥ የዲሬለሩ መሆኑን እዩ። ከኋላ ቁጢጥ ብላችሁ ስታዩት ሁለቱ ትንንሽ ፑሊዎች (ሰንሰለቱ የሚያልፍባቸው ጥርሳም መዘውሮች) ከካሴቱ (ከኋላ ጎማ ላይ ካሉት ማርሾች) ጥርሶች ጋር በአንድ መስመር ቁልቁል መውረድ አለባቸው፣ ወደ ጎማው ካዘነበሉ ብዙ ጊዜ የተጣመመው ዲሬለሩ የሚታሰርበት ሀንገር ነው፣ እና አዲስ ዲሬለር በተጣመመ ሀንገር ላይ ብታስሩ ያው ነው። አልሙኒየም ፍሬም ላይ ሀንገሩ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ተፈቶ ይቀየራል፣ ግን ቅርፁ ስንትና ስንት ዓይነት ስለሆነ አሮጌውን ፈታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ቀጥሎ የኬጁን (ፑሊዎቹን የያዘውን ክንድ) ጫፍ ይዛችሁ ግራ ቀኝ ነቅንቁት። የኔ መገጣጠሚያው ሁሉ ተበልቶ ጭራው ወዲያ ወዲህ ይላል፣ የፑሊዎቹ ጥርስ ደሞ ሾሎ ሾሎ መርፌ መስሏል። (የላይኛው ፑሊ ትንሽ ወደ ጎን ቢንቀሳቀስ ግን አትደንግጡ፣ ሺማኖ ሆን ብሎ ነው እንደዛ የሚሠራው።) የክረምት ጭቃና የበጋ አቧራ ተደራርቦበት እንጂ ዕቃው ክፉ ሆኖ አይደለም።

አሁን ዋናው ነገር። ዲሬለር የሚታዘዘው እጀታው ላይ ላለው ሺፍተር ነው፣ ሺፍተሩ አንድ ጊዜ ቀጭ ሲል የሚስበው የኬብል ርዝመትና ዲሬለሩ የሚፈልገው መመጣጠን አለበት። የኔ ከኋላ ባለ 8 ነው፣ ማለትም ስምንት ማርሽ አለው። የሺማኖ የማውንቴን 7፣ 8 እና 9 ዲሬለሮች በዚህ በኩል ስለሚስማሙ ባለ 9 ተብሎ የሚሸጠውን ባለ 8 ሺፍተር ላይ ባስረው ይሠራል። ወደ ባለ 10 የማውንቴን ሲኬድ ግን ስሌቱ ተቀይሯል፣ አዲስና ውድ ስለሆነ የተሻለ ይሆናል ብሎ በ8 ሺፍተር ላይ የሚያስር ሰው ማርሹ በጭራሽ ቦታው ላይ አይቆምለትም። ስራም የሚባለው ሌላ ኩባንያ ዕቃም እንደዛው፣ አብዛኛው ከሺማኖ ሺፍተር ጋር አይግባባም። ስለዚህ ሱቅ ገብታችሁ ከዲሬለሩ በፊት የራሳችሁን ሺፍተር አንብቡ።

ከዛ የጥርስ ሂሳብ አለ፣ ቀላል ነው። የኔ የፊቱ ማርሾች ጥርስ 42፣ 32፣ 22 ነው፣ የኋላው ከ11 እስከ 32። ከ42 ላይ 22 ሲቀነስ 20፣ ከ32 ላይ 11 ሲቀነስ 21፣ ድምሩ 41። ዲሬለሩ ቢያንስ ይሄን ያህል የላላ ሰንሰለት መሰብሰብ መቻል አለበት፣ ለዛ ደሞ ኬጁ ረጅም የሆነው ነው የሚያስፈልገኝ። ሱቅ ውስጥ አንዱ አጭር ኬጅ ያለው አምጥቶ «ወንድሜ ይሄም ያው ነው፣ አትጨነቅ» አለኝ፣ ያው አይደለም፣ የፊቱን ትንሹን ማርሽ ከኋላው ትንሹ ጋር ሳደርግ ሰንሰለቱ ተልፈስፍሶ ይንጠለጠላል። አልተስ ኤም310 የሚባለው የሺማኖ ዲሬለር ግን ከኋላ እስከ 34 ጥርስ ይችላል፣ ድምሩም እስከ 43 ይሄዳል፣ ለባለ 7 እና ለባለ 8 የተሠራ ነው፣ ለኔ ከበቂ በላይ ነው።

ክላች ያለውስ? እውነቱን ለመናገር ልቤ ከጅሎት ነበር። ክላቹ ኬጁን ጠበቅ አድርጎ ስለሚይዘው ኮረኮንች ላይ ሰንሰለቱ ፍሬሙን እየደበደበ አያሰለችም። ግን ሺማኖ ክላች የሚያደርገው በአብዛኛው ከባለ 10 ጀምሮ ነው፣ እሱን ከገዛሁ ሺፍተሩም ካሴቱም ሰንሰለቱም አብሮ መቀየር አለበት፣ ያ ደሞ ሌላ ሳይክል መግዛት ነው የሚሆነው። በዛ ላይ አንድ ቀን ዳንግላ ወይ መራዊ መንገድ ላይ ቢሰበር የባለ 8 ዕቃ ከየትም ለቅሞ መጠገን ይቻላል፣ ባለ 10ሩን ግን ከውጭ የሚመጣ ዘመድ መለመን ነው። እዚህ ለሚነዳ ሰው ይሄ ከክብደትም ከስምም ይበልጣል ባይ ነኝ።

እና አልተሱን ወሰድኩ። ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ስላለ አያያዙንም እዩ፣ አንዱ የራሱ ብረት ኖሮት በጎማው አክስል የሚታሰር ነው፣ ሌላው ቀጥታ የፍሬሙ ሀንገር ላይ በብሎን የሚገባ፣ የኔ ሁለተኛው ነው። ኬብሉንና ሽፋኑንም አብሬ ቀየርኩ፣ ሽፋኑ ውስጥ የገባ ጭቃ ካለ አዲሱም ዲሬለር መመለስ ያቅተዋል፣ ከዛ ሰው ዲሬለሩን ነው የሚሳደበው። የኤችና የኤል ብሎኖቹን ሰንሰለቱ ስፖኩ ውስጥም ፍሬሙ ላይም እንዳይገባ አስተካክዬ፣ የቢ ብሎኗን ደሞ ፑሊው ትልቁን ጥርስ እንዳይነካ ትንሽ አጠበቅኳት። አሮጌውን አልጣልኩትም፣ ብሎኖቹ ገና ደህና ናቸው።