ከሰባት ማሽን ወደ ሁለት

ዛሬ ድሬዳዋ ከዚራ ያለው ቢሯችን ሰርቨር ክፍል ውስጥ ዋልኩ። ኤሲው ጠዋት ቆመ፤ የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ለሰርቨር የሚመከረው ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ነው፣ የእኛ ክፍል ግን ከምሳ በፊት 36 ደረሰ።

አምና ቢሆን ሥራ ይቆም ነበር። ያኔ ለሂሳብ አንድ፣ ለመጋዘን አንድ፣ ለኢሜይል አንድ እየተባለ ሰባት ማሽን ተደርድሮ ነበር፤ አብዛኛው ሥራ ፈቶ መብራት የሚበላ። አሁን ሁሉም በኬቪኤም (አንዱን ሰርቨር ለብዙ የሚከፋፍል ሶፍትዌር ነው) ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በሶፍትዌር የተሠሩ ኮምፒውተሮች፣ ሆነው ሁለት ሰርቨር ላይ ናቸው። አንዱ ብቻውን ሁሉንም እንዲሸከም ሜሞሪውን አስበንበት ነው የገዛነው። ዛሬ የአንዱን ቨርቹዋል ማሽኖች እየሠሩ ሳሉ ወደ ሌላው አሻግሬ አጠፋሁት። ሙቀቱ ቀነሰ። ሂሳብ ክፍል ያሉት እህቶቻችን ደረሰኝ ሲቆርጡ ምንም አልታወቃቸውም። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

አለቃችን «ለምን ሁሉንም ክላውድ ላይ አናወጣውም?» አሉኝ፤ በኢንተርኔት የምንከራየው የሌላ ኩባንያ ሰርቨር ላይ ማለታቸው ነው። ጥያቄያቸው ልክ ነው። ግን የኢንተርኔት መስመር ሲቋረጥም መጋዘኑ ዕቃ ማውጣት አለበት። የአማዞን ክላውድ በ2020 እ.ኤ.አ. አፍሪካ ውስጥ የከፈተው ዳታ ሴንተር እንኳ ኬፕታውን ነው፤ ክፍያውም በዶላር። ስለዚህ ባክአፑ (የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ) ማታ ማታ ወደ ክላውድ ይሂድ፣ የዕለት ሥራው እዚሁ ይቆይ አልኳቸው። ተስማሙ።

የኤሲ ባለሙያው ነገ ጠዋት ይመጣል። እስከዚያ በሩን ከፍቼ፣ ቬንትሌተር ደግኜ እዚሁ አድራለሁ።